ሃይዌዩና የበላይነሽ ቀብር

ሽፈራው የባለቤቴን ቀብር አልመጣም። በደሉ ይኸው ነው፤ ማስረዘም አያስፈልገውም። ከካርቱም ጀምሮ አብሮኝ የበላ፣ የሠርጌ ዕለት ሚዜዬ የነበረ፣ በጎልማሳነቴ ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው፣ በላይነሽ አፈር ስትለብስ አጠገቤ አልነበረም። ሰው ቢያማኝ፣ ጠጥቶ ቢሰድበኝ፣ ጊዜ ሲያልፍ እረሳለሁ። ለቅሶዬን ያልደረሰ ግን በቁሜ ቀብሮኛል ብዬ ነው የማምነው። ዘጠኝ ዓመት ስሙን ቤቴ ውስጥ አላስጠራሁም። ልጄ ምሕረት አንድ ቀን ረስታ "ጋሽ ሽፌ ደህና ነው?" ብትለኝ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨምሬ ነው የመለስኩላት።

አሁን ነገሩን ያስነሳው በሰፈራችን የሚያልፈው ሃይዌይ ነው። እንደገና ሊያሰፉት ነው አሉ። ስንተኛ ጊዜያቸው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ባለፈው ሰሞን ማለዳ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሠራተኞቹ ለጥናት ነው ብለው የአስፋልቱን ጥግ ይቆፍራሉ። የትኩስ ሬንጅ ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ተደባልቆ ሲመጣብኝ ዳቦውን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ በላይነሽ በታመመችበት ዓመት ከመጋረጃችንና ከአልጋ ልብሳችን አልለቅ ብሎ የነበረው ሽታ ነው። ከዚያ ደግሞ ዝም ብሎ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ መንገዱ ገና መንገድ ወዳልነበረበት ዘመን።

እኛ ወደ ሜልበርን፣ ዲር ፓርክ ሰፈር ስንመጣ ሃይዌይ ይባል እንጂ ዳሩ ጠጠር የሆነ፣ አንድ መኪና ሂያጅ አንድ መኪና መጪ የሚያሳልፍ መንገድ ነበር። ግራና ቀኙ ሜዳ ነው። እሾህ የበቀለበት፣ በሽቦ የታጠረ፣ ሁለት ሦስት ፈረስ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ የሚቆምበት ሜዳ። ስትሪታችን ሃይዌዩን አቋርጦ ያልፍ ነበር፤ ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ። የጭነት መኪናው እስኪያልፍ ቆመህ ትጠብቅና ሮጠህ ትሻገራለህ፤ በቃ። ማዕዘኑ ላይ ትልቅ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ነበር፤ አገር ቤት በየግቢው የምናውቀው ያው ዛፍ። በላይነሽ ያየችው ዕለት ቅጠሉን ቀጥፋ አሸተተችና "ይኼም እንደኛ ተሰዶ ነው?" አለች። ከዛፉ ሥር አንድ የማልታ ሽማግሌ በቆርቆሮ ዳስ አትክልት ይሸጥ ነበር። የበሰለ ቲማቲም አንድ ሣጥን በሁለት ዶላር፤ ሚጥሚጣ የሚያህል ቃሪያ ደግሞ የኛን ፊት ሲያይ በነጻ እፍኝ ይጨምራል። ከማዶ አንዲት የቬትናም ሴት ወተትና ጋዜጣ ትሸጣለች። ነዳጅ ማደያው ጋ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው ወጥቶ ይቀዳልሃል፣ መስታወትህንም ይጠርግልሃል። በሃያ ዶላር ታንኩ ሞልቶ ይፈስ ነበር። አሁን በሃያ ዶላር መርፌዋም አትነቃነቅ፤ የሚቀዳልህም የለም፤ ማሽን ነው "ካርድህን አስገባ" የሚልህ።

ሽፈራው ነጭ ስቴሽን ዋገን መኪና ነበረችው። በሯ ከውጭ አይከፈትም፤ እሱ ከውስጥ ተንጠራርቶ ነው የሚያስገባኝ። ሁለታችንም ከኦፕ ሾፕ፣ ከልባሽ ልብስ መሸጫው፣ የገዛነው የሱፍ ካፖርት ነበር የምንለብሰው። የኔ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ የሱ ክንዱ ላይ ያጥረዋል። ለመቀያየር አስበን አናውቅም፤ የሱ ቡናማ የኔ ግራጫ ስለነበር ሁለታችንም የየራሳችን ያማረ ይመስለን ነበር። ወደ ፕላስቲክ ፋብሪካው ለከሰዓቱ ሺፍት አብረን እንወርዳለን። ካሴት ማጫወቻው ክሩን ሲበላ መኪናዋን ከዛፉ ሥር ያቆምና በእስክሪብቶ እየጠቀለለ ያወጣዋል። ከዚያ የተቆረጠው ዘፈን ካቆመበት ይቀጥላል፣ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው መስሎ። ሽፈራው አብሮ ይዘፍናል፤ ድምፁ መጥፎ ነው፤ ነግሬው ነበር።

እኔ ያኔ ማይም ነበርኩ። አላፍርበትም፤ ያላስተማሩኝ ይፈሩበት። የተማርኩት ያን መንገድ ስንመላለስ ነው። የአማርኛውን በእረፍት ሰዓት በካርቶን ላይ፣ የእንግሊዝኛውን ከሃይዌዩ ዳር ታፔላ።

"ዘውዴ፣ ይቺ ምንድናት?"

"እባብ።"

"ስም የላትም እባቧ?"

"ስሟን ካወቅኩ አንተን ምን ያደርግልኛል?"

"ኤስ ናት። በል ድገም።"

ጠቋሚ ጣቱን ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ወስዶበታል። ስለዚህ በመካከለኛ ጣቱ ነበር የሚጠቁመኝ። እዚህ አገር በዚያ ጣት መጠቆም ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልነገረንም። ከጎናችን የሚያልፈው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋብናል፣ አንዱማ መስኮቱን አውርዶ የሆነ ነገር ወረወረብን። ሽፈራው "ጥቁር ሰው ሲማር ማየት አይወዱም" ይለኝ ነበር። ጸያፍ ስድብ መሆኑን የሰማን ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ቀን በላይነሽ በሳቅ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ይህን የምጽፍበትን ፊደል የሰጠኝ እሱ ነው። ይህንንም ልጽፍ ግድ ነው፣ ባልወድም።

ከዚያ መንገዱ መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ መብራት ተከሉ፤ ደስ አለን። ቀጥሎ ፈረሶቹ ጠፉና በሜዳው ቤት በቀለ። ከኛ አለፍ ብሎ ያለው ትሩጋኒና የሚባለው ሰፈር ሰው የማይኖርበት ነፋስ ብቻ ነበር፤ አሁን መጋዘኑና ቤቱ ዓይን አያዳርሰውም። ፖይንት ኩክ ሰፈር ቤት ሠራሁ የሚለው በዛ። የዚያ ሁሉ ሰው መኪና፣ የዚያ ሁሉ መጋዘን ጭነት በኛ በር ማለፍ ፈለገ። ሁለቱ መስመር አራት ሆነ፣ አራቱም አልበቃ አለ። የማልታው ሽማግሌ ዳሱን ሸጦ ሄደ፤ የት እንደሄደ የጠየቀም የለም። ስብሰባ ጠርተው ካርታ አሳዩን። መንገድ ሲሰፋ ሁሉም ይቀራረባል አሉ። እኔም አመንኩ፤ ያኔ ማንበብ ስለቻልኩ ካርታም የምችል መስሎኝ ነበር።

በላይነሽ የታመመችው መቆፈር በጀመሩ ዓመት ነው። ሽፈራው መጀመሪያ በየቀኑ ይመጣ ነበር። በኋላ አዲስ አበባ ያለች አንድ እህቱ ታማ ሄደ፤ ለወር ብሎ ወራት ቆየ። እሱ በሌለበት ዛፉን ቆረጡት፤ ጠዋት መጋዝ ሰማን፣ ከሰዓት ጉቶ አየን። ከዚያ በሃይዌዩ መሐል የኮንክሪት ግንብ ዘረጉበት፣ የኛንም መውጫ በግድግዳ ደፈኑት። ስትሪታችን ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ግማሽ መጨረሻው ዝግ ነው፣ ሁለቱም ያንኑ ስም ይዘው ቀሩ። እኛ ቤታችን ለመግባት በጓሮ በኩል ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ሆነ። ከማዶ የነበሩትን ጎረቤቶች ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ድምፃቸውን እንኳ ግድግዳው ወሰደው።

በላይነሽ ያረፈችው መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ነው። ለሽፈራው ደወልን፤ "እመጣለሁ፣ የቀብሩ ዕለት ጠዋት እደርሳለሁ" አለ። ጠበቅኩት። ፍትሐቱ ላይ ዞሬ ዞሬ በሩን አየሁ። ሬሳው ሲነሳ ከፊት በቀኝ በኩል ያለውን ቦታ "ለሽፈራው ተዉት" አልኩ፤ ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ የማላውቀው ጎረምሳ ገባበት።

ከቀብር መልስ ጋራዡ ውስጥ ተቀመጥን። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ታጣፊ ወንበር፣ ሰው ሁሉ በካልሲ፣ ንፍሮ ይዞራል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽፈራው ገባ። ኮቱ ተጨማዷል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

"ዘውዴ፣ ከኤርፖርት በቀጥታ ነው የመጣሁት።"

"መቼ ገባህ?"

"ጠዋት።"

"ቱላማሪን ኤርፖርት ከአዲስ አበባ ይርቃል እንዴ?"

"ቤት ተሳሳትኩ።"

"የኔን ቤት?"

"ዘግተውታል እኮ። ዛፉ የለም፣ ዳሱ የለም፤ ሳላውቀው አለፍኩት። መብራቱ ጋ ዞሬ በጓሮ በኩል ስመለስ የስትሪታችንን ስም አየሁና እንደለመድኩት ወደ ግራ ታጠፍኩ። መኪና ተደርድሯል፣ በሩ ላይ ጫማ ሞልቷል፣ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል። እያለቀስኩ ገባሁ።"

"ገባህ። ከዚያስ?"

"ሌላ ለቅሶ ነበር።"

ከኋላዬ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

"ታዲያ ለምን አልወጣህም?"

"መዝሙር ሲጀምሩ ነው የነቃሁት፤ ጴንጤዎች ናቸው። ያን ጊዜ ሚስትየው እጄን ይዛ ታለቅሳለች። ከፐርዝ ከተማ ከመጡ ገና ወራቸው ነው፤ ወገን የላቸውም፤ ቤቱን የሞላው የቸርች ሴት ነው። ሬሳ የሚያነሳ ሰው ጎደላቸው። ምን ልበላት? የናንተ ሟች የኔ አይደለም ብዬ ልነሳ?"

"ስልክስ?"

"ባትሪው አልቋል።"

"እና የማታውቀውን ሰው ቀበርክ።"

"ቀበርኩ።"

"የኔዋን ትተህ።"

እጁን ዘርግቶ ሊያቅፈኝ መጣ። "ውጣልኝ" አልኩት። ሁሉ ሰው ሰማ። በር ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን አሰረና ሄደ።

ታሪኩን ያመነ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔ ብቻ አይደለሁም። ሜልበርን ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ሞቶ፣ ያውም በስትሪታችን፣ እኛ ሳንሰማ ይቀራል? በቤተ ክርስቲያናችን ጠየቅን፤ የሰማ የለም። ጴንጤዎቹ ደግሞ የሚቀብሩት በአዳራሻቸው፣ በራሳቸው ሰው ነው፤ እኛና እነሱ ሰላምታ እንኳ በስንት መከራ ነው። "ከአውሮፕላን ወርዶ እንቅልፍ ጥሎት ነው፣ አፍሮ ተረት ፈጠረ" ተባለ። እኔም እንዲህ ብዬ ያዝኩት። ሽማግሌ ላከ። ቄሱም መጡ፤ "ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል" አሉኝ። "ይሳሳት፤ ግን እውነቱን ይናገር፤ ተኛሁ ይበል፣ ይቅር እለዋለሁ" አልኳቸው። ቄሱ ሄደው ነገሩት። "አልተኛሁም" ብሎ መለሰ። በዚያው ቀረ። እሱ በኋላ የያዘውን የሹፌርነት ሥራ ትቶ ልጁ ዘንድ ትሩጋኒና ገባ ሲሉ ሰማሁ። እኔ እዚሁ ግድግዳው ሥር ቀረሁ። ምሽት ላይ የመኪናው ጩኸት በግንቡ ላይ ሲያልፍ ባሕር ይመስላል ይላሉ፤ ለኔ መኪና ነው የሚመስለኝ።

ይኸው ዘንድሮ እንደገና ስብሰባ ተጠራን። አዳራሹ ውስጥ ካርታ ተሰቅሏል፤ አንድ ወጣት መሐንዲስ ላፕቶፑን ይዞ ቆሟል። ለኛ ለአዛውንቶቹ አስተርጓሚ ተመድባለች፤ ሰብለ ትባላለች፤ ጠጉሯን አጭር ያደረገች፣ አማርኛዋ ጥሩ የሆነች ወጣት። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ።

"ንገሪው። ይህ መንገድ ስትሪቴን ለሁለት ሰንጥቆብኛል። ጓደኛ አሳጥቶኛል በይው።"

"ጋሼ፣ የጓደኛውንም ልጨምረው?"

"ያልኩትን በይ እንጂ ምን ትመርጫለሽ።"

ተረጎመችለት። መሐንዲሱ ፊቱን አሳዝኖ አመሰገነኝና ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረ።

ስብሰባው ሲያልቅ ሻይ ስቀዳ አጠገቤ መጣች።

"የትኛው ስትሪት ነው ያሉት?"

ነገርኳት።

"እኛም እዚያ ተከራይተን ነበር፤ ጥቂት ወር። ከፐርዝ እንደመጣን። አባቴ እዚያው ቤት ነው ያረፈው።"

"ወዲህ ነው ወዲያ?"

"ከማዶው። ያኔ መንገዱን ገና እንደዘጉት ነበር።" ሳቅ አለች። "መንገዱ ጓደኛ አሳጣኝ ሲሉ ገረመኝ፤ ለኛ ሰው ያመጣልን እሱ ነው። በቀብሩ ዕለት አንድ የማናውቀው ሰው እያለቀሰ ገባ። የኛ ቤት አልነበረም የፈለገው፤ በኋላ ነው የገባን። ግን አልሄደም። አባቴን ተሸከመው። ሲሸኝ ከሻንጣው በርበሬ አውጥቶ ለእናቴ ሰጣት፤ 'የእህቴ እጅ ነው' አላት። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። ለቅሶ ላይ እንዴት ስም ይጠየቃል? እናቴ እስካሁን ስትጸልይ 'ያን ሰውዬ' እያለች ነው።"

ኩባያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ምን ይመስል ነበር?"

"ረጅም ነው። እኔና ወንድሜ ልጆች ነበርን፤ መቃብሩን ሲጠቁመን በመካከለኛ ጣቱ ነው የጠቆመን። በአባታችን ቀብር ላይ ሳቃችን መጣ፤ እናቴ ቆነጠጠችን።"

እኔ ጥፋተኛ ነኝ አልልም። ሽፈራው የነገረኝ ነገር ማንም ሰው የሚያምነው አልነበረም፤ እናንተም ብትሆኑ አታምኑም። ግን ያን ማታ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ዘጠኝ ዓመቱን አሰብኩት። የምሕረትን ምርቃት፣ ጉልበቴን በኦፕራሲዮን የተቀደድኩበትን ክረምት፣ ማንም ያልደወለበትን የፋሲካ ጠዋት። አብሮኝ ሊያረጅ የሚገባው ሰው በመኪና ሩብ ሰዓት በማይሞላ ቦታ ብቻውን አረጀ።

በማግስቱ ሰብለና እናቷ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ነገሩን ነግሬያቸው፣ ወደ ሽፈራው በመኪና ወሰዱኝ። ትሩጋኒና ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ በየደጁ በዱላ የታሰረ ችግኝ። ሽፈራው በነጠላ ጫማና በሱፍ ኮፍያ በሩን ከፈተ። እትዬ ጥሩወርቅ ቀድመው ገቡ። እጁን ያዙና የጎደለውን ቦታ በጣታቸው ዳበሱት።

"አንተ ነህ" አሉት። "ወንድሜ፣ አንተ ነህ።"

እሱም አወቃቸው። ከትከሻቸው በላይ አሻግሮ እኔን አየኝ፤ ገና ደጃፉ ላይ ነኝ።

"ምስክር ይዘህ መጣህ?"

"ይዤ መጣሁ።"

"እኔም ያኔ ላመጣልህ እችል ነበር።"

"ለምን አላመጣህም ታዲያ?"

"ባሏን የቀበረች ሴት ጎትቼ፣ ጋራዥህ ውስጥ አቁሜ፣ 'እስቲ አስረጂልኝ' ልበላት? ይቺ ኤስ ናት ስልህ ማስረጃ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

"አርጅተሃል" አልኩት።

"አንተ አላረጀህም። ድሮም እንዲሁ ነበርክ። ግባ፣ ብርድ አታስገባብኝ።"

ገባሁ። ምራቱ ሻይ አመጣች። እትዬ ጥሩወርቅ ጸለዩልን፤ ሁለታችንም እንግዳ ነገር እንደሚበላ ሰው ተጠንቅቀን አንገታችንን ደፋን። ከዚያ ልስመው ተነሳሁ፤ መዳፉን ደረቴ ላይ አድርጎ ገታኝ።

"ቆይ። ያንተ ነገር ቀላል ነው። እኔ በላይነሽን አላለቀስኳትም። እህቴ ነበረች። የሰው ባል ቀበርኩ፣ እሷን ሳልቀብር። ከለቅሶዋ ቤት አስወጣኸኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለቅሶዋ አልወጣልኝም። የት እንዳረፈች እንኳ አላውቅም።"

"ጠይቀህ ብቻህን መሄድ አቅቶህ ነው?"

"ካንተ ተደብቄ? እንደ ሌባ?"

ሰብለ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። ሁላችንም ተከተልናት።

በመንገድ ላይ ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠን ብዙ አላወራንም። ስለ ጉልበቱ ጠየቅኩት፣ ስለ ስኳር በሽታዬ ጠየቀኝ። እህቱስ አልኩት፤ "አረፈች" አለኝ። መቼ አልኩት፤ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። እኔም የሱን ለቅሶ አልደረስኩም ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሰው እንዲህ በአንድ ጉዞ አይተርከውም፤ የትኛውን አንስተህ የትኛውን ትጥላለህ። ሃይዌዩ ላይ ስንወጣ እንደ ልማዱ መኪናው ቆሟል፤ ስድስት መስመር ሆኖም ይቆማል።

መቃብር ቦታው ስንደርስ ያካፋል። መንገዱን አሳየሁት፤ እሱ ከፊት ሄደ። ስሟን ድንጋዩ ላይ ሲያነብ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እንደ አገራችን ወግ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። "በልዬ" እያለ፣ "እህቴ" እያለ፣ ጮማ ያበላችውን፣ ልጁን ያዘለችለትን፣ በካፖርቱ የሳቀችበትን እያነሳ። ወዲያ ማዶ አበባ የሚያስቀምጡ ነጮች ዞረው አዩን። ይዩ። እኔ እንደ ሐዘንተኛ ከመቃብሩ ራስጌ ቆምኩ፤ ለቅሶ ደራሽ የሚቀበል ሰው እንደሚቆመው። አልቅሶ ሲበቃው ሰብለን ተደግፎ ተነሳ፣ ፊቱን በኮፍያው ጠረገና ወደኔ መጣ። ትከሻውን ከትከሻዬ አጋጥሞ "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለኝ። እኔም "አሜን" አልኩት። ሰኔ ፲፪ ቀን ነበር፣ የሚካኤል ዕለት።